በበቆጂ ጫካ እግር ተከትሎ

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ለማስታወሻ የሚበቃ ነገር የለውም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይከፈልበታል፣ ያልቃል። ጉዞው ጉዞ የሚመስለው አዳማን ለቆ አዋሽን ከተሻገሩ በኋላ ነው። ዴራ ላይ ሁላችንም ላብ በላብ ነበርን፤ ኢተያ ላይ ጃኬት ያወለቁት መልሰው ለበሱ፤ አሰላ ስንደርስ የሚኒባሱ መስኮት በሙሉ ተዘጋ። «መስኮት ክፈቱ»፣ «መስኮት ዝጉ» የሚለውን የዘወትር ጭቅጭቅ ዳገት ብቻውን ዳኝቶ ሲጨርሰው ማየት ደስ ይላል።

ከኢተያ ወዲያ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ገብሱ ይበዛል። ወሩ ጥቅምት ስለሆነ ማሳው እኩሌታው አረንጓዴ እኩሌታው ቢጫ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከመንገድ ዳር የቆመ ኮምባይነር አይተው «ይህን ሁሉ ያስለመደን ካዱ ነው» አሉኝ። ካዱ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውን የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን ከአርሲ ገበሬ አፍ አልወጣም።

አሰላ ለምሳ ስንወርድ ረዳቱ ግራ ክንዱን ወደ ደረቱ አጥፎ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጠ። ማንን እንደሚያስመስል መናገር አላስፈለገውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ደብተሩን በክንዱ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የለመደው አያያዝ ትልልቅ ውድድሮች ላይ ሁሉ ተከትሎታል። ተሳፋሪው ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ግን ከቦርሳዬ ጎን የተንጠለጠለውን የመሮጫ ጫማ አይተው «አንቺም ልትሮጪ ነው?» አሉና ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ለኩኝ። አርሲ ውስጥ ይህ ጥያቄ እንዲሁ ለወሬ ማሟሟቂያ የሚጠየቅ አይደለም።

ሳጉሬን አልፈን በቆጂ የገባነው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባን በ400 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ ልዩነቱን ለመረዳት ሻንጣ ተሸክሞ ከመናኸሪያው እስከ ማደሪያ መሄድ ይበቃል። በሰሜን ጭላሎ፣ በምሥራቅ የገላማ ተራሮች፣ በደቡብ ካካ፤ ከተማዋ በመካከላቸው ተዘርግታለች።

የተከራየሁት ክፍል በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ እኔም አዴ አልኋቸው። ሦስተኛውን ብርድ ልብስ ሲያመጡልኝ ቀልድ ብጤ ልሞክር ብዬ «በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል እኮ፣ አዴ» አልሁ። «አጥንቱ ነገ ይደርሳል፤ ዛሬ ገንፎ ብዪ» አሉና በሩን ዘግተው ወጡ። ገንፎው መሐሉ ላይ የነበረው ቅቤ መጠን አዲስ አበባ ውስጥ ቢታይ ሐኪም ያስጠራል።

ሐሙስ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከተማው ተኝቷል ማለት አይቻልም። ዋናው መንገድ ላይ ፊት አይታይም፤ ኮቴ ግን ይሰማል። ሁለት ሦስት እየሆኑ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይወርዳሉ። ጫካው ዳር ቆሜ የጫማዬን ማሰሪያ ሳጠብቅ ሦስት ልጃገረዶች አጠገቤ ቆሙ። «አካም ቡልቴ?» አለችኝ ትልቋ። የኦሮምኛ እውቀቴ ከሰላምታ ስለማያልፍ ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረችልኝ።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። «ብቻሽን? ብትወድቂስ ማን ያነሣሻል? በደንብ ብትሮጪስ ማን ያይልሻል? ነይ፣ ከመሐል ግቢ።»

እዚህ ሩጫ በሰልፍ ነው። አንዷ ትመራለች፤ ሌላዋ አንድ እርምጃ ያህል ርቃ የመሪዋ እግር በተነሣበት ቦታ የራሷን ታሳርፋለች፤ ቀጣይዋም እንዲሁ። መሪዋ ጉድጓድ ወይም ከመሬት የወጣ ጉቶ ስታይ ጣቷን ታጮሃለች፤ ከኋላዋ ያለችው ሰምታ ደግማ ታጮሃለች፤ ድምፁ እስከ መጨረሻዋ ይደርሳል። በጨለማ ይህ ድምፅ ከባትሪ ይሻላል። የተረገጠ መንገድም የላቸውም። በዛፎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ እየታጠፉ፣ አንዴ ወደ ዳገቱ አንዴ ወደ ቁልቁለቱ፣ ቅጠል የተነጠፈበትን ለስላሳ መሬት እየመረጡ ይሄዳሉ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ስሮጥ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው፤ ዛሬ ከሦስተኛዋ ልጅ ተረከዝ ሌላ ያየሁት የለም። ቀኝ ካልሲዋ አረንጓዴ፣ ግራው ነጭ ነበር።

የገረመኝ ቀስታቸው ነው። ትልቋ ልጅ ብትፈልግ ጥላኝ መጥፋት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅባትም። እሷ ግን አረማመዷን ቆጥባ፣ እንደ ልብ ወሬ በሚያስወራ ዱብ ዱብ ለግማሽ ሰዓት ያህል መራችን። ለጀማሪ ማዘኗ ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም፤ ሐሙስ የቀስታ ቀናቸው ነው፤ በቀስታ ቀን መቸኮል ደግሞ እንደ ባለጌነት ይቆጠራል። ከኋላችን ደርሶ በጥድፊያ ያለፈን አንድ ጎረምሳ የተቀበለውን ተረብ አልተርጉመው፤ ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ግን ሰልፉ አልተበተነም።

ወደ መጨረሻው ፍጥነቱ ሳይታወቅ ጨመረ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ገደማ ነው፤ ሳንባ ይህን ቁጥር በራሱ ቋንቋ ይናገራል። ፀሐይ ከገላማ ጀርባ ስትወጣ ጫካው በግንዶቹ ጥላ ተሸነሸነ፤ የልጆቹ ትንፋሽ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ጭስ ይታያል። የእኔ ትንፋሽ ከሁሉም ወፍራም ነበር።

ሲያበቃ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዷ በተራዋ አንድ ማፍታቻ ታሠራለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የኢንተርኔት ቪዲዮ አይቼ የተማርሁትን አሳየኋቸው። በጨዋነት ሠሩልኝ። ከዚያ ወደ ሻይ ቤት ሄድን፤ ሻይና ትኩስ ዳቦ። «እትዬ፣ ስኳር ልጨምርልሽ?» አለችኝ ትንሿ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከፍታው ያላደረሰብኝን ጉዳት እትዬ የሚለው ቃል አደረሰብኝ።

ዓርብ

እነሱ አቀበት ነበራቸው፤ እኔን ጭኔ ከለከለኝ። ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ጠሩኝ።

ሦስቱም ከከተማው ወጣ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ለትምህርትና ለልምምድ ሲሉ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ቤተሰብ ስንቅ ይልካል። ጥግ ላይ የገብስ ዱቄት በጆንያ፣ ድንች በፌስታል፣ ቢጫ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ። ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል፤ በጋዜጣው ላይ የውድድር የደረት ቁጥሮች በመርፌ ቁልፍ ተሰክተዋል። ሁለቱ ሙስሊሞች፣ ትልቋ ኦርቶዶክስ ናት፤ ዕለቱ ጾም ስለሆነ ምሳው በእሷ ተቃኝቶ ሽሮ ሆነ። ማንም ስለዚህ አልተናገረም፤ ሽሮው በቃ ቀረበ።

ደጅ ላይ ታጥቦ ፀሐይ የሚሞቅ አንድ ጥንድ ጫማ ነበር። አንሥቼ አየሁት። ሶሉ ከፊት ተገንጥሎ በማስቲሽ ተጣብቋል፤ ማስቲሹ አላምን ቢላቸው ዙሪያውን በሲባጎ ሰፍተውታል፤ ስፌቱ እኩል እኩል፣ ጥንቅቅ ያለ ነው። በሁለቱም ጫማ በትንሿ ጣት በኩል በምላጭ የተቀደደ መስኮት አለ። የመካከለኛዋ ልጅ ነው። ታላቅ እህቷ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከመጀመሪያ ደመወዟ ገዝታ የላከችው ነው። በስልክ ቁጥር ሲነጋገሩ መስመሩ ይቆራረጥ ነበርና ጫማው አንድ ቁጥር አንሶ መጣ። «ልሽጠው ብል እህቴን መሸጥ መሰለኝ፤ ስለዚህ ጣቴን አወጣሁት» አለች። ከዚያ በኋላ የተላከው ልኩ የሆነው ጫማ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ነው። ለውድድር ብቻ ይወጣል፤ አሳየችኝ፤ አስነካችኝ፤ መለሰችው።

ምኞታቸው ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ክለብ፣ ወር በወር የሚገባ ደመወዝ፣ ከቀናም ውጭ አገር ውድድር። በእነሱ ቤት ሩጫ የጽሕፈት ቤት ሥራ ያህል ቁምነገር ነው።

«አንቺስ ለማን ክለብ ነው የምትሮጪው?» አለችኝ ትንሿ።

«ለማንም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«ደመወዝ የለውም?»

«እንዲያውም እኔ ነኝ የምከፍለው። ህዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ከፍዬ ተመዝግቤያለሁ።»

ዝም ብለው ቆዩ። ትልቋ በመጨረሻ «እሱም ጥሩ ነው» አለች፤ ሐዘንተኛ ቤት በሚነገርበት ድምፅ።

ቅዳሜ

ዛሬ የፍጥነት ቀን ነው፤ ቦታውም የአፈሩ መም። እኔ ተመልካች ነኝ። አሠልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ይጮሃል፤ ልጆቹ ይዞራሉ፤ ከሣሩ ላይ ደግሞ ባዶ እግራቸውን የሆኑ ሕፃናት ትልልቆቹን እያስመሰሉ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ጎኔ ሁለት ሽማግሎች ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ክርክራቸው የቆየ ይመስላል፤ ከቀነኒሳ በቀለ ሁለት ክብረ ወሰኖች የትኛው ይበልጣል? መምህሩ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ በ5,000 ሜትር የሮጠውን 12:37.35 ይላሉ፤ ጓደኛቸው በ2005 ብራስልስ ላይ በ10,000 ሜትር የሮጠውን 26:17.53 ይላሉ። ሽራፊዋን ሰከንድ ሳይቀር በቃላቸው ነው። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 ድረስ አልተደፈሩም፤ የሰበራቸውም አንድ ሰው ነው፤ ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ። የቼፕቴጌ ስም ሲነሣ ሁለቱ ሽማግሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ጥሩ ሯጭ ነው፣ ግን የበቆጂ ልጅ አይደለም።

ከዚያ ወሬው ወደ ኋላ ሄደ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች፤ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞሩ። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በወንዶችም በሴቶችም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆችን አራቱንም ጠራርገው ያዙ። አራት ወርቅ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ከተማ። መምህሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግመው የሚያነሡት ስም ግን የሯጭ አይደለም፤ እዚሁ ትምህርት ቤት ስፖርት ሲያስተምሩ እነዚህን ልጆች ያገኙትና ያሠለጠኑት የስንታየሁ እሸቱ ስም ነው።

ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የበቆጂን ምስጢር ይፈልጋል። ወተቱ ነው፣ ገብሱ ነው፣ ከፍታው ነው ይላል። ከፍታ እንደሆነ ደብረ ብርሃንም አላት፤ ገብስም መንዝ ሞልቷል። ስለ ምስጢር የሚያወሩት ሰዎች መሙ ዳር ቆመው እነዚያን ሕፃናት ያዩዋቸው አይመስለኝም። አንዷ፣ ምናልባት የሰባት ዓመት ልጅ፣ የመካከለኛዋን ጓደኛዬን እግር ለመከተል ሞክራ ሞክራ ሲያቅታት እየሮጠች ታለቅስ ነበር። አልቆመችም ግን፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ዙሩን ጨረሰች። የመካከለኛዋ ልጅም ድሮ የትልቋን እግር እየተከተለች ነው የጀመረችው፤ ትልቋም የሌላ፣ አሁን አዲስ አበባ ክለብ የገባች፤ እያለ ወደ ኋላ እስከ ደራርቱ ይደርሳል።

እሑድ

የዕረፍት ቀን። የትልቋ ልጅ አጎት ፈረስ አላቸው፤ ወደ ገላማ ወገብ ወሰዱን። አርሲ የፈረስ አገር ነው፤ ሰው ሲጋልብ እንጂ ፈረስ ሲጎተት አያምርም ይላሉ አጎትየው፤ የእኔ ፈረስ ግን መንገዱን በሙሉ ተጎትታ ነው የወጣችው። ሯጮቹ በዕረፍት ቀናቸው አንድ እርምጃ ላለመራመድ ያላቸውን ቁርጠኝነት ማንም አስታራቂ አያላላውም። ትልቋ ከቤቷ ደጅ በፈረስ ተነሣች፤ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አልወረደችም፤ ቀዱላትና ከላይ ሆና ጠጣች።

ማሳው አልቆ ግጦሽ ይጀምራል፤ ግጦሹ አልቆ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ። ከአስታው በላይ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች አንድ በአንድ ተራርቀው ይቆማሉ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ ታች ሲያዩ የቀጠር ወንዝ ገባሮች እየተጠማዘዙ ወደ ዝዋይ አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ በቆጂ የቆርቆሮ ብልጭታ ብቻ ሆናለች። ይህ ሁሉ ከፍታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተከለለው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር የተያያዘ ነው፤ እረኛና ፓርክ ግን ገና በድንበር አልተስማሙም፤ ከብቶቹ የትም ይታያሉ። አጎትየው ስለዚህ ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ «ሣሩ ወረቀት አያነብም» አሉ።

ድንገት አጎትየው እጃቸውን አነሡ። ከአስታው ጥግ አንድ የደጋ አጋዘን ቆሟል፤ ወንድ ነው፤ ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ አንገቱ ሥር ነጭ ምልክት አለው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ ይህን በመጽሐፍ አውቅ ነበር። መጽሐፍ ያልነገረኝ ጠረኑን ነው፤ እርጥብ ሣርና የፍየል በረት። ለረጅም ጊዜ አየን፤ ከዚያ ሳይቸኩል ዳገቱን ወጣ። «አየሽ አረማመዱን?» አለች ትልቋ በሹክሹክታ፤ «ተረከዙን አያሳርፍም።» ሰው ውበት ያያል፤ እሷ ቴክኒክ አየች።

ስንመለስ አጎትየው ቤት ጩኮ ቀረበልን፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ፣ ከጎኑ የረጋ እርጎ። ሁለት ጉርሻ ሙሉ ምሳ ነው። ስድስት ጎረስሁ፤ ባለቤትየዋ ሰባተኛውን በእጃቸው አጎረሱኝ፤ ያጎረሰን እጅ መመለስ ነውር ነው።

ሰኞ

ረጅም ሩጫ፣ ኮሮኮንች ላይ። ሁለተኛ ተሰላፊ ሆንሁ፤ ይህ ሹመት ነው። የመጨረሻውን አቀበት ግን በራሴ እግር ወጣሁ አልልም፤ ከኋላዬ ያለችው ልጅ ወገቤን በመዳፏ ደግፋ ገፋችኝ፤ ከዚያ ምንም እንዳላደረገች ተራዋን ያዘች።

ማታ ሱቅ ስሄድ ባለሱቋ ድሮ ሯጭ ነበረች። ጉልበቷ ከሁለት ዓመት በፊት ተጎዳ፤ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ጠፋ፤ ሱቅ ከፈተች። «ወርቁን ሁሉም ያወራዋል፤ እኛ ግን እንበዛለን» አለችኝ፤ ሳሙናውን እየጠቀለለች። ምሬት አልነበረባትም፤ ልክ ነበረች። ሦስቱ ጓደኞቼ ከእሷ በዱቤ እንደሚገዙና አንዴም ጠይቃቸው እንደማታውቅ የሰማሁት በኋላ ከአዴ ነው።

ማክሰኞ

ትልቋን ልጅ አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቷታል፤ ህዳር መጀመሪያ ላይ። መካከለኛዋም አብራ ዕድሏን ትሞክራለች። የት ታርፋላችሁ አልኋቸው። ዘመድ እናፈላልጋለን አሉ።

«ተገኝቷል» አልሁ።

«ሰፈርሽ ጫካ አለ?» ትልቋ ግብዣውን ከመቀበሏ በፊት ይህን ነው የጠየቀችው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ እንጦጦ ግን በታክሲ ይደረሳል አልኋት። አሰበችበት። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ አንቺም ትነሻለሽ። ለታላቁ ሩጫ እኔ አዘጋጅሻለሁ፤ መጀመሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ግን ቀስ ነው የምትሄጂው፤ ምዪ።» ማልሁ። ሁለት ፍራሽ መግዛት አለብኝ፤ ስለ ጎረቤቶቼ እንቅልፍ ደግሞ ከአሁኑ ይቅርታ የምጠይቀውን ሰው ማሰብ።

አዴ እንደ ቃላቸው አጥንቱን ባያመጡም አንድ ጆንያ በሶ አሸከሙኝ። ረዳቱ ጆንያውን አንድ ወንበር ይዟል ብሎ እንደ አንድ ሰው ሊያስከፍለኝ ፈለገ። ጣሪያ ላይ ይጫን ብል ዝናብ ይመታዋል አለ፤ ጭኔ ላይ ላድርገው ብል ሕጉ አይፈቅድም አለ። ከኋላ ያሉ ሴትዮ «የሯጭ ስንቅ ነው፤ ተወው» ብለው ጮኹበት። ክርክሩ እስከ ሳጉሬ ቆየ፤ በግማሽ ዋጋ ተስማማን።